ጅቡን ወሰዱት

ባለፈው ጥር የዘመዴ የልጅ ልጅ ሲና፣ ፉሪ ሰፈር ባለው አዳራሽ ስትዳር ወንድሟ ቴዎ ማይክ ጨብጦ የአያቶቻቸውን ታሪክ ተረከ። በየሰርጋቸው ይተረካል። አንድ የተከበረ ፊታውራሪ ላም ጠባቂ መስሎ መካኒሳ ተደብቋል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከባሏ ወንድም አምልጣ እዚያው ግቢ ትመጣለች። ይፋቀራሉ። መሃል ላይ አንዲት ሞኝ ሕፃን አለች። ቴዎ እሷ ዘንድ ሲደርስ ድምፁን ያቀጥናል፦ «አይዞሽ እትዬ፣ ጅቡን ወሰዱት።» አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል። የሚያውቁኝ ዞረው ያዩኛል፤ ሕፃኗ እኔ ነኝና።

እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ? ፊቴ የቀረበው ሳህን ግን ሳይነካ ይቀዘቅዛል። በዚያ ቤተሰብ ማዕድ ላይ መጉረስ ካቃተኝ ዘመን ሆኖታል፤ ሲጠይቁኝ «ጨጓራዬ» እላለሁ።

ጋዜጣ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከባላባት ናፋቂዎች ጋር ያልተጣላሁበት ዓመት የለም። የተደበቀ መስፍንና ምስኪን ቆንጆ የሚባል ተረት ሲነሳ ደሜ ይፈላል። የጌታ ፍቅር ከጭሰኛ ፍቅር በምን ይበልጣል? ጌታው አንድ ክረምት እበት ስለዛቀ የምናለቅስለት፣ ዕድሜውን ሙሉ እበት ሲዝቅ ለኖረው ማን አለቀሰለት? እንዲህ የምለው የቴዎ ታሪክ ውሸት ስለሆነ አይደለም። እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያናድደኝ እሱ በግማሽ ዓረፍተ ነገር የሚያልፈው ነው፦ «ከዚያ ትንሽ ታስሮ ወጣና ተጋቡ።» ትንሽ ታስሮ። ቀጥሎ ደግሞ «ግራኙ አያቴ» ይልና ላም በግራ እጅ እንዴት እንደሚታለብ እየቀለደ ያሳያል። አያቱ ማሞ ግራኝ አልነበረም።

በ1970 ዓ.ም. ስምንት ዓመቴ ነበር። መካኒሳ አቦ ያኔ ከተማም ገጠርም አልነበረም። ከቤተክርስቲያኑ ቁልቁል ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ወንዝ፣ ከወንዙ ወዲያ እስከ ላፍቶ ድረስ ጤፍና ሽምብራ። ፀሐይ ዘወር ከማለቷ ጅብ ይጮሃል። እናቴ ገዲሴ ላሞች ነበሯት፤ ሰፈሩ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱን ይዞ በራችን ላይ ይሰለፋል። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። አንድ ቀን ከቱሉ ቦሎ በኩል ጭድ ጭኖ መጣና ከጭዱ ጋር አንድ ሰው አወረደ።

«ማሞ ይባላል። ላሞቹን ያይልሽ» አላት እናቴን።

እናቴ ሰውዬውን አየችው፤ ቶሎ ብላ መሬት መሬቱን አየች። ሠራተኛን ሁሉ «አንተ» የምትል ሴት ናት። እኔን ግን ጓዳ ወስዳ ጆሮዬን ይዛ «ጋሼ ማሞ ነው የምትይው፣ ሰማሽ?» አለችኝ። ሰማሁ፤ አልገባኝም። አባቴ እኔ ከመወለዴ በፊት የአንድ ፊታውራሪ ወጋየሁ የሚባሉ ባላባት ሹፌር እንደነበረ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ጋሼ ማሞ ረጅም ነው፤ የተጣፈ ካኪ ካፖርት ይለብሳል። ላም አያውቅም። በመጀመሪያው ጠዋት ጥጃዋን ሳያስጠባ ዝም ብሎ ሄዶ ከላሟ ከቡሬ ሥር ቁጢጥ አለ። ቡሬ በእግሯ አንድ ጊዜ ስትለው ባልዲው ወዲያ፣ እሱ ወዲህ። ከእበቱ ላይ ሳይነሣ ላሟን ቀና ብሎ አያትና «እንዴት ነው ነገሩ?» አላት፣ በትሕትና። እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ማጀት ሮጠች።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ማሞ ሲበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርና ጋቢውን ከራሱ በላይ ይከናነባል። ወተት ሲሰጠውም ከጋቢው ሥር አስገብቶ ነው የሚጠጣው። ነገሩን ለጎረቤታችን ልጅ ለሀኒፋ ነገርኳት። ሀኒፋ ከእኔ በዕድሜም በእውቀትም ትበልጣለች።

«ለምን እንደሚሸፈን አታውቂም?» አለችኝ። «ቡዳ ነው። ሲበላ አፉ የጅብ ይሆናል። ማታ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይሆናል።»

«ጋሼ ማሞ?»

«ጅቡ ከየት በኩል ነው የሚጮኸው? ከእናንተ በረት ጀርባ አይደል?»

እውነቷን ነበር። ከበረታችን ጀርባ ሜዳ ስለሆነ ጅቡ ከዚያ ነው የሚጮኸው። እናቴን ልጠይቅ አልቻልኩም። ቤታችን ጴንጤ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ የቡዳ ስም ጠርቼ እናቴ አፌን በሳሙና አጥባኛለች። ስለዚህ የሀኒፋ ቃል የመጨረሻው ቃል ሆነ።

የድሮ ጌቶች ሲበሉና ሲጠጡ ክፉ ዓይን እንዳያገኛቸው አሽከር ነጠላ ዘርግቶ ይጋርዳቸው ነበር። ሰውዬው መሬቱን ተወርሷል፣ አሽከሮቹ ተበትነዋል፣ ስሙን ራሱ ጥሏል፤ ያቺ ልማድ ግን ከእጁ አልወጣችም። የሚጋርደው ሲያጣ ራሱን በራሱ ይጋርድ ነበር። ይህንን አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እቀልድበት እንጂ አልፈራውም ነበር።

እትዬ ጫልቱ የመጣችው ገብስ ሲታጨድ ነው። የእናቴ የአክስት ልጅ ናት። ጥቁር ከል ለብሳለች፣ ለባሏ ሐዘን ፀጉሯን ተላጭታለች፣ እግሯ በመንገድ ተሰነጣጥቋል። የዚያን ቀን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ የትልልቆቹን ወሬ ሰማሁ።

«ቱፋ ሊወርሰኝ ነው» አለች ጫልቱ።

«ዋርሳሽ አይደል፣ የባልሽ ወንድም፤ ወጉ ነው ይላሉ» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«ወጉን አውቃለሁ ገዲሴ። ጠባዩንም አውቃለሁ። ለዚያ ነው በእግሬ የመጣሁት።»

ሰው እንደ ላም እንዴት እንደሚወረስ ለመጠየቅ ብቅ ብል እናቴ ያዘችኝ። «ማንም ቢጠይቅሽ እዚህ ቤት ሴት አልመጣም» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ጫልቱ ሐዘንተኛ ትመስላለች ብላችሁ እንዳታስቡ። ገና በማግስቱ ጋሼ ማሞን ስታየው በረቱ በር ላይ ቆማ ወገቧን ያዘች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምታባብለው? ጨበጥ አርገህ ሳብ።»

«እየሳብኩ ነው።»

«ጥጃዋን መጀመሪያ አምጣላት እንጂ። ልጇን ሳታይ ለማን ብላ ወተት ትሰጣለች? አንተ ትሰጣለህ?»

«እኔ ወተት አልሰጥም» አለ ጋሼ ማሞ፣ ኮስተር ብሎ።

«እሱማ ባልዲው ይናገራል።»

ምሳ ሲደርስ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ጫልቱ እጆቹን አየቻቸው፤ ቀጥላ ፊቱን አየችው።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ውሃ።»

«ውሃውማ ጆጉ ውስጥ ነው። እግር ያለው መስሎህ ነው?»

አንስታ ግን አፈሰሰችለት። ስታፈስ ፊቷ ላይ የነበረውን ለዓመታት ደግነት እያልኩ ሳስታውሰው ኖሬያለሁ። ደግነት አልነበረም፤ አውቃዋለች። ባሏ የሱ ጭሰኛ ነበር። እሷ ራሷ ፊታውራሪውን ያየችው ከሩቅ ነው፣ በበቅሎ ላይ፣ ጥላ ተይዞለት። ውሃ እንዲፈስለት በዝምታ የሚጠብቅ እጅ ግን በዚያ አገር የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምራ አዛባ ስታስዝቀው፣ ስትሰድበው፣ ሣር ስታሸክመው፣ የባሏን የዘመን ግብር በሳቅ እያስመለሰች ነበር። እሱም ይከፍል ነበር፤ ሳያጉረመርም። እንዲያውም አንድ ቀን «ዛሬ ደግሞ ምን ልዛቅ?» ሲላት ሰምቻለሁ፣ እንደ ጓጓ ሰው።

ቆይቶ እትዬ ጫልቱ ታመመች። እኔና ሀኒፋ እንደዚያ ነበር የገባን። ወጥ ጨው ይረሳታል። እየበላች መሃል ላይ እጇ ይቆማል። ብቻዋን ትስቃለች። የተሰነጠቀ ግድግዳ እያየች ትቀራለች።

«በልቷታል» አለች ሀኒፋ። «ሁሉም ምልክት አለ።»

ከዚያ ከሉን አውልቃ የእናቴን ባለ አበባ ቀሚስ ለበሰች። አጭሯ ፀጉሯ ላይ ሻሽ አሰረች። ባሏ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ በሷ አገር ይህ ነውር ነው። ጭራሽ ጋሼ ማሞ ወደ በረቱ ሲገባ እሷም ወተት መያዣውን ይዛ ትከተለው ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረቱ ውስጥ ከጭዱ ክምር ሥር ተኝቼ ጠበቅኩ። ጋሼ ማሞ የወተት ኩባያውን አነሣና እንደ ልማዱ ጋቢውን ሊከናነብ ሲል ጫልቱ «ቆይ» አለችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና በሁለት እጇ ዘርግታ ከፊቱ ያዘችለት፤ ልክ አሽከር እንደሚይዘው። ትስቅ ነበር።

«ጌታዬ ይጠጡ። ማንም አያይዎትም።»

እሱ አልሳቀም። «ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?» አላት።

«ከጆጉ ጀምሮ።»

ኩባያው መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከነጠላው በታች አራት እግሮች ይታዩኛል፤ ሁለቱ ወደ ሁለቱ ቀረቡ። ነጠላው ተዘርግቶ እንዳለ ብዙ ቆየ። ትንሽ ይርገበገባል፤ ድምፅ የለም። ከጀርባው ፊቱ እየረዘመ፣ ጥርሱ እየወጣ፣ እትዬ ጫልቱን ከአንገቷ ጀምሮ እየበላት እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ነጠላው ለምን ያን ያህል እንደቆየ ዛሬ ለአንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ያኔ ግን ጭድ ነክሼ አለቀስኩ፤ እወዳት ነበርና።

ቱፋ ብቅ ያለው ይህ በሆነ ሰሞን ነው። በራችን ላይ ጠርሙስ እያጠብኩ ነበር። ዱላ ይዟል፣ ጋቢው አቧራ ለብሷል። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ከያዘው ሸንኮራ ገምሶ ሰጠኝ።

«አንዲት የእኛ ሴት ጠፍታብን ነው» አለኝ። «ጥቁር የለበሰች፣ ፀጉሯን የተላጨች።»

የእናቴን ትእዛዝ አልረሳሁትም። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ረስቼ አይደለም። አስቤበት ነው። ይህ ሰው የሷ ወገን ነው፣ ከዚህ ያርቃታል፣ ጅቡ ሩቅ አገር አይደርስባትም አልኩ። እናቴ ስለ ጅቡ ስለማታውቅ ነው የከለከለችኝ አልኩ። ዛሬም ቢሆን የማውቀውን ሌላው ስለማያውቅ ብቻ ትእዛዝ ለመጣስ የምደፍረው ከዚያ ቀን የተረፈ ጠባይ ይመስለኛል።

«አሁን ጥቁር አትለብስም» አልኩት። «ቶሎ ውሰዳት።»

ብቻውን አልተመለሰም። ሁለት ሽማግሌዎችና የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ጓድ ሉቃስን ከነጠመንጃ ያዡ አስከትሎ ገባ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «እንግዳ ናት፣ ዘመዴ ናት» ብትል የሚሰማት አልተገኘም። ጫልቱ ከበረቱ ወጣች።

«ወንድሜ ያለ ወግ ቀርቷል» አለ ቱፋ። «ልጅ የለው፣ ቤቱ ተዘግቷል። ሴትየዋ የቤቱ ናት።»

«ወንድምህን አልቅሼ ቀብሬዋለሁ» አለች ጫልቱ። «አንተን ላገባ ብዬ ግን አልቀበርኩትም።»

ጓድ ሉቃስ በየስብሰባው ስለ ሴቶች እኩልነት ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚናገር ሰው ነበር። ሰዓቱን አየ። «ያልተመዘገበ ሰው በቀበሌዬ አልፈልግም። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ውሰዷት» አለ።

ቱፋ ክንዷን ያዘ። ጋሼ ማሞ በዚያን ጊዜ ከበረቱ ወጣ። በቀኝ እጁ ባልዲ ይዟል፣ እስከ አፉ የሞላ። እንደዚያ ሞልቶ አይቼለት አላውቅም። ጠብታ ሳያፈስ መሬት ላይ አኖረው።

«ቱፋ» አለ።

አልጮኸም። ቱፋ ግን ክንዷን ለቀቀ። እጆቹ በራሳቸው ጊዜ ወደ ጋቢው ሄዱ። ከትከሻው አወረዱት፣ ደረቱን አራቆቱት፣ ወገቡ ላይ ጠምጥመው አሰሩት። ወገቡ ጎንበስ አለ። ጭሰኛ በጌታው ፊት እንዲህ አደግድጎ ነበር የሚቆመው። ከኋላው ሁለቱ ሽማግሌዎችም ጋቢያቸውን አወረዱ። ትእዛዝ የሰጣቸው የለም። መሬቱ ለአራሹ ከተሰጠ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ወገባቸው ግን አዋጁን አልሰማም።

«ወንድምህ ሲሞት እሷን አደራ አለህ ወይስ ውረስ አለህ?»

«አደራ ነው ያለኝ፣ ጌታዬ።»

«አደራ በዱላ አይጠበቅም። ሴትየዋ የማንም ርስት አይደለችም። በሽማግሌዎቹ ፊት ልቀቃት።»

«ለቅቄያለሁ፣ ጌታዬ።»

ፍርዱ ተሰጠ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ በነሱ ዘንድ ነገሩ አለቀ። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። አብዮቱ ለቱፋ አሳልፎ የሰጣትን ሴት ነፃ ያወጣት የአንድ ባላባት ድምፅና የአንድ ጭሰኛ ጎባጣ ወገብ ነው። በስንት ጽሑፍ ልረታው ሞከርኩ። አልተረታልኝም።

ጓድ ሉቃስ ሰዓቱን ማየት ተወ። ከቱፋ ወደ ማሞ፣ ከማሞ ወደ ቱፋ አየ።

«ጌታዬ?» አለ። «ለማን ነው የምታደገድገው አንተ?»

ቱፋ ያኔ ነው የነቃው። ያሰረውን ጋቢ ለመፍታት ሞከረ፤ ቋጠሮው እምቢ አለው። ሊሰውረው ፈልጎ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ምን ይበል? ገላው ቀድሞት ተናግሯል።

ጋሼ ማሞ አላስጨነቀውም። «ወጋየሁ እባላለሁ» አለ ለጓድ ሉቃስ። ስለ እናቴም «ገዲሴ አታውቅም፤ ዋሽቻት ነው የተቀጠርኩት» አለ። ወሰዱት።

አሁን ቴዎ የማይናገረውን ልናገር። ደስ አለኝ። በግቢው ዙሪያ ዘለልኩ። አንድ ጎልማሳ በጋሼ ማሞ ዓይን ብቻ ሲጎብጥ አይቻለሁ፤ ቡዳ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ያ ጅብ ደግሞ በጠመንጃ ታጅቦ ሄዷል። ጫልቱ ከባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። አንገቷን አቀፍኩና «አይዞሽ እትዬ፣ ጅቡን ወሰዱት» አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ያሳቅኳት ስለመሰለኝ ኮራሁ።

ሁለት ክረምት ታስሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ በቀኝ እጁ ባልዲ አንሥቶ አያውቅም። ምን እንዳደረጉት አልተናገረም፤ የጠየቀም የለም። ላፍቶ ላይ ከብት ገዝተው ኖሩ፣ ወለዱ፣ በግራ እጁ አለበ። ጫልቱ ወጋየሁ ብላ ጠርታው አታውቅም። «ፊታውራሪው እስር ቤት ቀረ፤ የወጣልኝ ማሞ ነው» ትል ነበር። አንድ ቀን ይቅር በለኝ እለዋለሁ እያልኩ እሱ ቀድሞኝ ሞተ።

በሲና ሰርግ ላይ ሳቁ ሲበርድ ጫልቱ በከዘራዋ እየተደገፈች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳህኔን አየችው።

«ዛሬም ጨጓራሽ ነው?»

«ማሞ ግራኝ አልነበረም» አልኳት።

«ለኔ ነው የምትነግሪኝ?»

«እኔ ለቱፋ ባልነግረው ኖሮ…»

«ዶርቃ» አለች። «የበረቱ የኋላ በር የት ጋ ነበር?»

አውቀዋለሁ፤ ላሞቹን በየቀኑ ወደ ሜዳው የማስወጣው በዚያ ነበር። በትዝታዬ ውስጥ ግን ያ በር የለም። መቼ እንደደፈንኩት አላውቅም።

«ማሞ ቱፋን በበረቱ ግድግዳ ስንጥቅ አየው» አለች። «አወቀው። ስወጣ በዓይኔ ወደ ኋላ በሩ አሳየሁት፣ ሂድ አልኩት። ወንዙን ቢሻገር ማን ያገኘው ነበር? ባልዲውን ይዞ በፊት በር ወጣ። አንቺ ጥፋቱን እንኳ ለብቻሽ ካልያዝሽው አይሆንልሽም። ያን ቀን እኮ እኛም ነበርን። ከሰውዬው ቀኖች ሁሉ ትልቁን ነው የኔ ነው እያልሽ የምትወስጂበት።»

«እጁስ?»

«እጁን እኔ ሳሸው ኖሬያለሁ» አለች። «እሱን ለኔ ተይልኝ።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ፤ ሥራዬ ነውና። ጫልቱ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። በሁለት እጇ ዘርግታ ከፊቴ ያዘችልኝ። አዳራሹ ጠፋ። መብራቱ በሸማው ውስጥ ተጣርቶ ነጭ ሆነ።

«ብዪ» አለች። «ማንም አያይሽም።»

ጎረስኩ። ቀዝቅዟል፣ በእንባም ጨው በዝቶበታል፤ ወረደ ግን። ሁለተኛም ጎረስኩ። ነጠላው ብዙ ቆየ። ከወዲያ በኩል የቴዎ እግር ሲመጣ ሰማሁ።

«እማማ ጫልቱ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ሂድ ወዲያ» አለችው ጫልቱ። «ጅቧ እየበላች ነው።»